ከመሪው ጎን ያለው ወንበር

ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጂዳ ላይ ዕድሜዬን የሀብታም የስፖርት መኪና ወንበር ስሰፋ እንደኖርኩ ሰምተዋላ! ባለ ሚኒባሱ ጎረቤቴማ አስር ሶላት ሰግደን ስንወጣ የመስጊዱ በር ላይ ጠብቆ ይይዘኛል። ሀብታሞቹ መኪናውን የሚወዱት ለሩጫው ነው ወይስ ለውስጡ ምቾት? ሞተሩ ነው ወይስ ወንበሩ? ቁርጡን ንገረኝ ይላል። ቁርጡን ባውቀው ምን ገዶኝ። ስንት ዘመን በእጄ ዳስሼው፣ በወስፌ ወግቼው፣ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። አላውቅም ስለው ደግሞ ምስጢር የደበቅኩት ይመስለዋል። እንግዲህ የማውቀውን ልጻፍለትና ራሱ ይፍረድ።

ሙያውን የጀመርኩት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ የጭነት መኪና ሸራና ወንበር የሚሰፋ ሰው ዘንድ ነው። ታፒሰሪ እንለው ነበር። ከዚያ ዑምራ ብዬ ሄጄ እዚያው ቀረሁ፤ ያኔ ብዙ ሰው እንደዚያው ነበር። ጂዳ ሰቢል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን እያደርን፣ ቀን ቀን የታክሲ ወንበር ልባስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ክር ሊገዙ የመጡ አንድ የመናዊ ሽማግሌ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሙና ስፌቴን ገልብጠው በጀርባው በኩል አዩት። ከፊት በኩል ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ነገ ና» ብለው አድራሻ ሰጡኝና ሄዱ። ሙዓሊም ሳሊምን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው።

ሙዓሊም ማለት እዚያ አገር የእጅ ባለሙያ አለቃ ሁሉ የሚጠራበት ነው። እሳቸው የቅንጦት መኪና የሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ የቆዳ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ከፊሉን፣ ማለትም የሥራ ዋሱን፣ አናግረው ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አስወጡልኝ። ኢቃማዬ ላይ የተጻፈው ሙያ «የእርሻ ሠራተኛ» ነው። ጂዳ ውስጥ እርሻው የት እንዳለ እስክመለስ ድረስ አልገባኝም፤ የጠየቀኝ ፖሊስም አልነበረም። ደመወዙ ከታክሲው ይሻል ነበር፣ ይበቃል።

ሙዓሊም ሳሊም የሐድረመውት ሰው ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ሽርጣቸውን ከወገባቸው አይለዩም። የማንንም መኪና ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መስጊድ የሚገቡ ነው የሚመስሉት። ደንበኛ ሲመጣ አያስወሩትም። ወንበሩ ላይ ያስቀምጡትና ዓይንህን ጨፍን፣ መሪውን ያዝ፣ የምትወደውን መንገድ እየነዳህ ነው በል ይሉታል። እሳቸው በተከፈተው በር በኩል ቁጢጥ ብለው አንገቱን፣ ትከሻውን፣ የእግሩን ጣት ያያሉ። ሰው አፉ ይዋሻል፣ ወገቡ ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። ደንበኛው የጨፈነውን ሲገልጥ በአውራ ጣታቸው ስፖንጁን ጫን ጫን ያደርጉና በልብስ ሰፊ ጠመኔ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ያኖራሉ። ከዚያች ምልክት ውጪ አንዲት ስፌት መፍታት ክልክል ነው። «ያላመመውን ቆዳ አትቁረጥ» የሚለውን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት አላህ ይወቅ።

ነገሩ እውነት አለው። ጨርቅ ብትወጋው ክሩን አውጥተህ በእጅህ ብታሸው ይምርሃል። ቆዳ አይምርም፤ መርፌ የገባበት ቀዳዳ እስከ ዕለተ ሞቱ አይዘጋም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ወዴት እንደሚለጠጥ በሁለት እጄ መሳብ ነበረብኝ። ከከብቱ ጀርባ የወጣው ጠንካራ ስለሆነ ለመቀመጫው ነው፣ የሆድ በኩል ያለው ደግሞ ስለሚላላ ማንም ለማይነካው ጥግ። የተሸበሸበውን በእንፋሎት እናቃናለን፣ ክሩን በሰም እናሸዋለን። የጂዳ ፀሐይ ዳሽቦርድ ያጨማድዳል፣ ከሁሉ የሚከፋው ግን የዑድ ዘይት ነው። ሰውዬው ሽቶውን ተቀብቶ ይቀመጥና ነጩ ቆዳ ላይ የጀርባውን ቅርጽ አትሞ ይነሳል፤ ከዚያ ቆዳችሁ ቀለም ለቀቀ ብሎ እኛን ይከሳል።

ከእኛ ክፍል ቀጥሎ የሞተርና የሞላ ክፍል ነበር። እዚያ ዳዊት የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ መሐንዲስ ነበር። ክርስቲያን ነው፣ ጃሚዓ ሰፈር ከሚስቱ ጋር ይኖራል፣ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። እሱ መኪና ማለት ሞተርና ፍሬን ነው ባይ ነው። የእኔን ሥራ «ሳሎን ማሰማመር» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ደግሞ ያንተን ሞተር ማን ያየዋል፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው እኔ ላይ ነው እለዋለሁ። እንዲህ ስንነታረክ ሙዓሊም አማርኛው ሳይገባቸው ይስቃሉ።

ድርጅቱ መኪና ለገዛ ሰው ሁሉ እየደወለ ረክተሃል ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። በውስጡ ረክተሃል? በአነዳዱስ? ወሬው ሲደርሰን እኔና ዳዊት እንደ ኳስ ውጤት ነበር የምንጠብቀው። አሁን ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ኦብሑር ባሕር ዳር ቪላ ያለው አንድ ደንበኛ ነበረን። መኪናው ገና አዲስ ሳለች ሸፈናት፣ እንደተሸፈነች ኖረች። ማታ ማታ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ይከፍትና ሻይ ይጠጣባታል። የሽቶ እድፍ እንድናነጣ ስንጠራ ሄጄ ጎማዋን አየሁት፤ አስፋልት የነካ አይመስልም። ይኸው ሰው ሲደወልለት፣ በሕይወቴ እንዲህ የሚሮጥ መኪና አላየሁም አለ። ሌላው ጎረምሳ ደግሞ ኮርኒሹ በሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ላይ ጎማ እያጨሰ ትራፊክ የሚያባርረው ነው። እሱ የወደደው የቆዳውን ሽታ ነው፤ ቅሬታው ደግሞ የኪስ ሳጥኑ ሥር ቅጭ የምትል አንዲት ድምፅ። ቅጭታዋን ለማግኘት ግማሽ ዳሽቦርድ አፈረስን፣ የተሰበረ የተምር ፍሬ ሆኖ ተገኘ። የሚሮጠው ሽታውን ያመሰግናል፣ የማይነዳው ሩጫውን ያመሰግናል። ወይ ጉድ! ዳዊትም ያሸነፈ መሰለው፣ እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ፣ ሁለታችንም አልገባንም።

አቡ ነዋፍ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው።

አቡ ነዋፍ የመካ ሰው ናቸው፣ ዐወሊ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጢማቸው ሽበት የጀመረ፣ ጨዋ ሰው። መኪናዋን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመኟት እንደነበር ሻጩ ነግሮናል። ወንበሩ ይደቀድቃል፣ ወገቤን ይወጋኛል አሉ። ሙዓሊም እንደልማዳቸው አስቀመጧቸው፣ ዓይናቸውን አስጨፈኗቸው፣ በሩ ላይ ቁጢጥ አሉ። ብዙ ቆዩ። አቡ ነዋፍ መሪውን ይዘው ፊታቸው ፈታ ብሎ፣ ከንፈራቸው ሁሉ ፈገግ እያለ ነበር። ሙዓሊም ተነስተው ወደ ጥግ ሳቡኝና የዚህ ሰው ወገብ ምንም አልተናገረም፣ ምን ልቁረጥ አሉኝ። ግራ ሲገባቸው ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ አፍና ወገብ ተጣልተውባቸው አያውቁም።

ሙዲሩ፣ ማለትም የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ደንበኛ አመመኝ ካለ አሞታል፣ ሥሩ አለ። የሾፌሩን ወንበር ስፖንጅ በትንሹ አላላነው። አቡ ነዋፍ መጥተው ሲያዩት የሾፌሩን ብቻ መንካታችንን አስተዋሉ። የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መለሱት። ተመልሰው ሲመጡ ዛሬም ያመኛል አሉ። እንደገና አላላነው። በሦስተኛው እኔ ራሴ የውስጡን ስፖንጅ በሙሉ ቀየርኩት፣ በግራና በቀኝ ሰውነትን የሚይዙትን ክንፎችም ዝቅ አደረግኳቸው። እንደ አልጋ ሆነ። ከጎን ያለውን ወንበር ግን አልነካነውም፤ ያላመመውን ቆዳ አትቁረጥ ነዋ!

ሳምንቱ ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። መኪናዋ ጉልበቷ ሞቷል፣ ወደ ጣኢፍ የሚወጣው የሀዳ ተራራ ጠመዝማዛ ላይ መንገድ አትይዝም፣ ውሰዱልኝ፣ ገንዘቤን መልሱ አሉ። መኪናዋን አስመጥቶ ዳዊት ፈተሻት። ሞተሩ ጤና፣ ሞላው ጤና፣ ጎማው ጤና። ምንም የላትም ብሎ መለሰላቸው። እሳቸው አለባት አሉ። ሙዲሩ ሙዓሊምን ጠራቸውና ከክፍሉ ሁሉ ፊት፣ ይህ መኪና ከተመለሰ የቆዳ ክፍሉን ዘግቼ ሥራውን ለውጭ ሰው እሰጣለሁ፣ አንተም ኸላስ፣ ወደ አገርህ አላቸው። ሙዓሊም ጂዳ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው እዚያ ተወልደው፣ ትምህርት ቤት እየገቡ ነው። የእሳቸው ኢቃማ ከተሰረዘ ቤቱ በሙሉ ይሰረዛል። ሽርጣቸውን አስተካክለው «ኸይር ኢንሻአላህ» አሉና ወደ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

ሙዲሩ በማግስቱ አንድ ሰው መካ ሄዶ ከባለቤቱ ጋር መንገዱ ላይ ይሞክራት አለ። የሚያውቀው ዳዊት ነው። ዳዊት ደግሞ መካ አይገባም፤ ከተማዋ ለሙስሊም ብቻ ናት። እንግዲያው ሰይድ ይሂድ ተባለ፤ ሰይድ እኔ ነኝ። ስለ መኪና መንገድ አያያዝ የማውቀው ግመል ስለ መዋኘት የሚያውቀውን ያህል ነው። በዳዊት መኪና አብረን ወጣን፣ ለሙስሊም ብቻ የሚለው ሰሌዳ ጋ ሳንደርስ ቤንዚን ማደያ ላይ ቆመን መሪውን ለእኔ ሰጠኝ። ስልኩን ከፍተህ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠው፣ እኔ እዚህ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ አለ። ሐኪሙ ውጭ ቆሞ ዘበኛው ቀዶ ጥገና ገባ ማለት ነው ብዬው ተለያየን።

አቡ ነዋፍ በራቸው ላይ ተቀበሉኝ። ከጎናቸው ተቀመጥኩና ወደ ሀዳ ወጣን። የመንገዱን ዱዓ ጮክ ብለው ሲያደርጉ ዳዊት በስልኩ ውስጥ አሜን አለ፤ ሳቃቸው መጣና እኔም ቀለል አለኝ። ከዚያ ጠመዝማዛው ጀመረ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል የተደረደሩ ዝንጀሮዎች። ዳዊት ወደየት ትጎትታለች፣ ታጋድላለች ወይ፣ ኋላዋ ይንሸራተታል ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ ምኑን አውቄው! የማየው አቡ ነዋፍን ነው። ኩርባ ላይ በደረስን ቁጥር እኔ በሠራሁት ለስላሳ ወንበር ላይ ይንሸራተቱና እንዳይወድቁ መሪውን ይንጠለጠሉበታል። የእኔ ዳሌም ከበሩ በኩል ካለው ጠንካራ ክንፍ ጋር እየተጋጨ ያመኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው ብዬ ተውኩት። ምን ይሰማሃል አለኝ ዳዊት። እንጃ አልኩት።

ቤት ስንመለስ መግሪብ ሊደርስ ነው። አቡ ነዋፍ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ዉዱእ ሊያደርጉ ገቡ። ሻይ ይዛልኝ የወጣችው የቤቱ ሠራተኛ አረብኛዬን ስትሰማ ቆም አለችና በአማርኛ፣ አንቱ የወሎ ሰው ነዎት እንዴ አለችኝ። ዘይነብ ትባላለች፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለችው የደጋን ልጅ ናት። አገር ለአገር ከተጠያየቅን በኋላ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት፣ የሙዓሊምንም ጣጣ ጨመርኩላት። ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። የቤት ጉዳይ ለውጭ ሰው መንገር እንጀራ እንደሚያሳጣት እሷም እኔም እናውቃለን።

«ጋሼ፣ ወላሂ ከኔ ሰሙ እንዳይሉ። የሚያማቸው እሳቸውን አይደለም። እናታቸውን ነው።»

እናትየው በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። በየሳምንቱ ልጃቸው ሀዳ አውጥተው ነፋስ ያስመቷቸዋል። ትልቁ መኪና ከነሾፌሩ ቆሞ እያለ እሳቸው አልሄድበትም ይላሉ። ልጄ ከልቡ ሲስቅ የማየው እዚያች መኪና ውስጥ ብቻ ነው ይላሉ። ከጎን ይቀመጣሉ፣ ኩርባው ዳሌያቸውን ይደቁሳቸዋል፣ ደህና ነኝ እያሉ ይመለሳሉ። ከዚያ ዘይነብ ናት በቅባት ስታሽ የምታመሸው። አይ እንግዲህ፣ ጠግኑልኝና እጄን አሳርፉልኝ አለች። ታዲያ ለምን እናቴን አመማት አላሉንም ብላት የእኔ ነገር አስገረማት። የቤታቸውን ሴት ለእናንተ ለሠራተኞች እንዴት ብለው ያንሱ? ነውር አይደለም ወይ?

እውነቷን ነው። እኔም በዚያ አገር ስኖር የአንድንም ደንበኛ ሚስት ወይ እናት ደህና ናት ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አይጠየቅም። ሰውዬው የእናታቸውን ሕመም በራሳቸው ወገብ ላይ አድርገው መጡ። ሁለቱ ወንበሮች መንታ ናቸውና አንዱን ሲሠሩ ሌላውንም ይሠሩልኛል ብለው ጠበቁ። እኛ ደግሞ በሙዓሊም ደንብ ያልታመመውን አልነካንም፣ ጤነኛውን ግን እስኪታመም ድረስ አከምነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሬ ሰው። የእኛ ግን የሌላ ሰው በሽታ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ተረት አላገኘሁም።

ሙዓሊም ዘንድ ደወልኩ። የአቀማመጣቸውን ቅርጽ ሳላይ አልቆርጥም፣ ሴትዮዋን ደግሞ ማየት አይሆንም፣ የተቀመጡበትን መልክ የሚይዝ ነገር ፈልግ አሉኝ። ዘይነብን ሊጥ ጠየቅኳት።

«ሊጥ ላይ ይቀመጡ? አዑዙ ቢላህ! ኒዕማ ነው እኮ፣ የአላህ ጸጋ!»

አፈርኩ። ከአበባው መደብ አሸዋ ዝቃ፣ በውኃ አርሳ፣ ፌስታል በገባበት የትራስ ልብስ ሞላችልኝ። አቡ ነዋፍ ሲወጡ ከረጢቱን በሁለት እጄ አቀረብኩና፣ ሙዓሊም ሁለቱ ወንበሮች እኩል መሆን አለባቸው ይላሉ፣ ከጎን የሚቀመጥ ሰው ካለ በዚህ ላይ ትንሽ ይቀመጥበት፣ እኔ ከግቢ ውጭ እቆያለሁ አልኳቸው። ሰው ነው ያልኩት፣ ሴት አላልኩም። አቡ ነዋፍ ፊቴን ብዙ አዩት። ከዚያ ከረጢቱን ለሠራተኛ ሳይሰጡ በገዛ እጃቸው ተቀብለው የግቢውን በር ዘጉ። በኋላም ቅርጽ የታተመበትን ከረጢት ራሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ማደያው ላይ ዳዊት ደርቆ ሲጠብቅ አገኘሁት። መሪውን መለስኩለትና ከኋላ ወንበር ላይ አሸዋውን እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀመጥኩ። ነገሩን ስነግረው መሪውን በጥፊ መታው። ለካ ሰው መንገዱን የሚሰማው በእጁ ብቻ አይደለም፣ በመቀመጫው ነው፤ አንተ ስፖንጁን ስታላላው እኮ የእኔን ሞተር ነው የገደልከው አለ። እና ያንተ ሞተር የሚኖረው እኔ ሳሎን ውስጥ ነዋ አልኩት። ጂዳ እስክንገባ ድረስ ማን ማንን እንደረታ ስንፈልግ መሸ።

ሙዓሊም አሸዋውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በጣታቸው ጫፍ ዞሩት። አንደኛው ጎን ከሌላው ጠልቆ ገብቷል። እዚህ ጋ ዱሮ ተሰብረው ነበር አሉ፣ ካላዩዋት ሴት ጋር የሚነጋገሩ ይመስል በዝግታ። ስፖንጁን ራሳቸው ፈለፈሉት፣ ማስቲሹን ራሳቸው ቀቡት፣ እኔን መርፌ አላስነኩኝም። ከላይ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለውም፣ ስፌቱ በዚያው ቀዳዳ ነው የተመለሰው። የሾፌሩንም ወንበር እንደ ጥንቱ አጠነከርነው። አቡ ነዋፍ መኪናቸውን ወሰዱ፣ ስለ መመለስ ያነሳ ሰው አልነበረም። ከድርጅቱ ሲደወልላቸው በውስጡ ረክተዋል ወይስ በአነዳዱ ተብለው አልሐምዱሊላህ ብቻ አሉ። የደወለው ልጅ ወደየትኛው ልመድበው ብሎ እኛን ጠየቀን። ዳዊትም እኔም አላወቅንም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ሙዓሊም ክፍላቸው ተረፈ፣ ልጆቻቸው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ግን ያ ጉዳይ ውስጣቸው ገባ። ዕድሜዬን ሙሉ መሪ የያዘውን ብቻ ስመለከት ኖርኩ ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «ከጎንህ የሚቀመጠው ማን ነው?» ይሉታል። አንዳንዱ ወንድሜ ይላል፣ አንዳንዱ ማንም ይላል፣ አንዳንዱ ፊቱ ይቀላል። እኔ ደስ አለኝ፣ እንዲያውም ሥራችን አሁን ነው የተሟላ ብዬ አበረታኋቸው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን የገዛ አገሬን ተረት ረሳሁት።

አንድ አዲስ ሙሽራ መጣ። ጠየቁት። ከመኪናው ወረደና በቀጥታ ወደ ሙዲሩ ሄደ። ያ ሽማግሌ ስለ ሚስቴ ጠየቀኝ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ሙዓሊም እንደዚያ አላሰብኩም ብለው ይቅርታ ጠየቁ፣ እኔ ገብቼ መሰከርኩ፣ ዳዊት ገብቶ መሰከረ። ሙዲሩ ሰውዬው ትልቅ ደንበኛ ነው አለ። ባለመጠየቃቸው ሊባረሩ የነበሩት ሰው በመጠየቃቸው ተባረሩ። ፓስፖርታቸው ላይ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ተመታላቸው። ወደ የመን በሚሄደው አውቶቡስ ላይ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ቦርሳዎች ሲጫኑ እኔ ዕቃ ላቀብል ቆሜ ነበር፤ ምን እንዳቀበልኩ አላስታውስም። ወስፌያቸውን ሰጡኝ። ዋጋ አለውና ይሽጡት ብላቸው እምቢ አሉ። «ሰይድ፣ ታዲያ መጠየቅ ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም?» አሉኝ። የማውቃቸው ሙዓሊም መልሱን ከወገቤ ያነቡት ነበር። የዚያን ቀን ግን ፊቴን እያዩ ጠበቁ፣ አውቶቡሱም ሄደ።

ይህ ከሆነ በኋላ ዓለም እንዴት እንደተገለበጠ አትጠይቁኝ። ሴቶቹ ራሳቸው መንዳት ጀመሩ። መጥተው ይህ ጎኑ ይደቁሰኛል፣ አስተካክል ይሉኝ ነበር፣ በግልጽ፣ ሳይሸማቀቁ። መርፌዬን ይዤ ሙዓሊም ይህን ባዩ እል ነበር። መኪናውም ተለወጠ። ሞተር የሌለው በባትሪ የሚሄድ መጣና ዳዊት የሚሰማው ድምፅ አጣ። ደንበኛው ደግሞ ወንበሩንም ሩጫውንም ትቶ ስለ ስክሪኑ ስፋት ይጠይቃል። ዳዊት ሥራ ቀይሮ ሄደ። የቆዳ ክፍሉም መጨረሻ ላይ ተዘጋ፤ ወንበሩ ከፋብሪካ ተጠናቅቆ ስለሚመጣ አይፈታም ተባለ። ዕድሜህም ደርሷል አሉኝ። የእርሻ ሠራተኛው ጡረታ ወጣ።

ዕቃዬን ስሰበስብ በነበረበት ሰሞን ያቺ የመካ መኪና በር ላይ ቆመች። አቡ ነዋፍ ናቸው፣ ጢማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። መኪናዋ እንደ ድሮው አትሄድም አሉ። አዲሶቹ መካኒኮች በኮምፒውተር ፈትሸው ምንም የላትም አሏቸው። ሙዓሊምስ አሉኝ። ምን ብለው ጠይቀው እንደተባረሩ ነገርኳቸው። ቁልፉን ሰጡኝና ዞረው ከጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሲገቡ ጫማቸውን አወለቁ።

«ንዳ» አሉኝ።

ወደ ባሕሩ በኩል ነዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያ ወንበር ለእሳቸው ስላልተሠራ አንድ ዳሌያቸው ተንጠልጥሎ ይታየኛል፤ የሌላ ሰው ጫማ እንዳደረገ ሰው ናቸው።

«ይጠባል፤ ላስፋልዎት?» አልኩ።

«አትንካው።»

ኮርኒሹን ጨርሰን ወደ ኦብሑር የሚወስደው መንገድ ላይ ስንደርስ ገና እንደጨፈኑ ናቸው።

«ሙዓሊም የሚጠይቁትን አልጠየቅከኝም» አሉ።

ያ ጥያቄ አንድ ቤተሰብ ከአገር አስወጥቷል። መሪውን ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ «ከጎንዎ የሚቀመጠው ማን ነው?» አልኳቸው።

«እናቴ ነበረች» አሉ። ለእኔ ለሠራተኛው። ቀጥለውም ስሟን ነገሩኝ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ የእናቱን ስም ለባዕድ እንደማይናገር የኖረበት ያውቃል። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የተነገረው ለእኔና ለሙዓሊም ነው። የት ልታጠፍ ብዬ ስጠይቃቸው ዝም ብለህ ንዳ አሉኝ፣ ነዳሁ።